ከስኳር መጋዘኑ ጀርባ

ማክሰኞ፣ ጁን 3

ሙቀት። ጠዋት የራሴን መስኮት ጠገንኩ። አርባ ዓመት የፋልማውዝን መስኮት ሁሉ ስጠግን ኖሬ የራሴ በገመድ ታስሮ ነበር… ካዲያን እስክትስቅብኝ ድረስ አልታየኝም። የእህቴ ልጅ ናት። ሳትስቅብኝ የዋለችበት ቀን የለም፤ እኔም ብድሬን ሳልመልስ ያደርኩበት ቀን የለም።

ቀትር ላይ ገበያ ወረድኩ። የአሳ ጠባሿ የሚስ ሜልባ መጥበሻ ፊት ቆምኩ።

«ሰሞኑን ስንት ሙት ቀሰቀስክ፣ ሊንቫል?»

«ማንንም። አሁን አንቺን ልቀስቅስ መጣሁ።»

«እኔ አልሞትኩም።»

«አሳሽስ?»

ጭልፋውን አነሣች። ሸሸሁ። ከዚያ ትልቁን አሳ መርጣ ሰጠችኝ። ሁሌም እንደዚሁ ናት፤ ስድቡን ታስቀድማለች።

እየበላሁ ስልኳ ጮኸ። ፖሌት ናት፣ ልጇ፤ ማንደቪል ላይ አስተማሪ። ሚስ ሜልባ ስልክ የምታወራው ጀልባ ላይ ያለ ሰው እንደምትጠራ ስለሆነ ገበያው ሁሉ ሰማ። ጁላይ ሳይገባ መጥቼ እወስድሻለሁ ትላታለች ልጅቷ። እውነቷን ነው… ያለፈው ማዕበል ግማሹን ቆርቆሮ ነቅሎ ወስዶታል፣ የደረጃው እንጨት በስብሷል። ሚስ ሜልባ ግን፦

«አባትሽ መጥቶ ቤቱን ባዶ ቢያገኘውስ?»

ገበያው ጸጥ አለ። ማንጎ ሻጯ እንኳ አፏን ዘጋች፤ ያቺ ሴትዮ ስትተኛም የምትዘጋው አይመስለኝም።

ባሏ ማስ ሲሪል ኖቬምበር ላይ አሳ ሊያጠምድ ወጣ። ጀልባው ተገልብጣ ተገኘች፣ እሱ አልተገኘም። ቀብር የለ፣ ዘጠነኛ ሌሊት የለ። በዘጠነኛው ሌሊት ሰፈሩ ተሰብስቦ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ ዘምሮና ተሳስቆ ዳፒውን፣ መንፈሱን፣ ካልሸኘው ሟች ቤቱን እንደማይለቅ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። አልጋውን እናዙርልሽ ሲሏት ታባርራለች። አልጋ የሚዞረው ዳፒው ተመልሶ ሲመጣ ክፍሉ እንዲምታታበት ነው፤ «ይሄ የማን ቤት ነው?» ብሎ እንዲሄድ። እሷ ደግሞ እንዲያውቀው ትፈልጋለች። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ምን ይባላል? አሳውን በልቼ ተነሣሁ።

ፀሐይ ስትጠልቅ የከተማዋን የሙታን ወሬ ሊሰሙ የከፈሉ እንግዶቻችንን ይዘን ወጣን። ካዲያን ፋኖስ ትይዛለች፣ እኔ እዋሻለሁ። ሥራው እንዲህ ነው የተከፋፈለው። የፍርድ ቤቱ ደረጃ፣ ከዚያ የዳቦ ጋጋሪዋ ቤት። «ከመቶ ዓመት በፊት የሞተች ጋጋሪ… ሽታው ይሰማችኋል?» ስላቸው ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነው አሸተቱ። ሽታው ከጎረቤት ዳቦ ቤት ነው። ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩም።

ቀጥሎ የድሮው የስኳር መጋዘን። እዚያ ብዙ ጊዜ አንቆምም፤ ተቆልፎ የኖረ ቤት ነው፣ ወሬም የለው። ዛሬ ግን ልናልፍ ስንል… ክርርርር። ከውስጥ። ከባድ ብረት እንጨት ላይ ሲጎተት።

እንግዶቹ እኔን አዩኝ። እኔ ካዲያንን አየሁ። እሷም እኔን አየችኝ።

ምን ላድርግ? አላውቅም ልበል? ሰው ከፍሎ የመጣው አላውቅም ለመስማት ነው? «ይህ» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ሣጥኑን የሚጎትት ካፒቴን ነው።» ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። «እኛ አገር ዳፒ ሲያስቸግር ይጮኹበታል። ሁላችሁም ከእኔ ጋር። ውጣ! ሂድ! ቤትህ አይደለም!»

ጮኹ። አንዲት ወፍራም ካናዳዊት ከሁሉም በላይ።

ጸጥታ… ቀጥሎ ክርርርር። ወደ ኋላ። ወደ መጣበት!

«ሰማን!» አለች ካናዳዊቷ፣ ክንዴን ይዛ። እስካሁን ቀልቷል።

ስንመለስ ካዲያን፦ «አጎቴ፣ ማንን አስገብተህ ነው?»

«እኔ? አንቺ አይደለሽም?»

«በእናቴ።»

እኔም በእናቷ ማልኩ፤ እህቴ ናትና። ታዲያ ማነው?


ሐሙስ፣ ጁን 5

ደግሞ። በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ። ጎተተ፣ ጮህን፣ ወደ ኋላ ጎተተ። የተጠራ አሽከር እንኳ እንዲህ አይታዘዝም።

በዳፒ አላምንም። በጨለማ ስሙን ባልጠራው ግን ይሻለኛል።


ዓርብ፣ ጁን 6

አይጥ ነው አልኳት ካዲያንን። ያን የሚጎትት አይጥ ካለ ግብር ይክፈል አለችኝ።


ቅዳሜ፣ ጁን 7

እንግዳው በዛ። ካናዳዊቷ ስልኳ ላይ ጽፋልን ኖሮ ሰው «የሚታዘዘው ዳፒ» እያለ ይጠይቃል። ካዲያን ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። የሆቴሉን ሥራ ትቼ ይህን ብቻ ብይዝስ ትላለች። ጩኸቱን በዜማ አስተካከልኩት፤ «ውጣ» ላይ እግር ይመታል፣ «ሂድ» ላይ እጅ ይጨበጨባል። በሰፈሩ ያሉ ውሾች ሳይቀሩ ተቀበሉን።

ግን ምንድን ነው የሚጎተተው? አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳስበው… ሣጥን አይደለም። ሣጥን ሲጎተት ይንኳኳል፣ ይሄ ያቃስታል። አራት እግር ያለው ነገር ነው።


ሰኞ፣ ጁን 9

ከመጋዘኑ ዘበኛ ቁልፍ ለመንኩ። «ምን ልታደርግ ነው?» ሲለኝ «ካፒቴኑን ልጠይቀው» አልኩት። ቁልፉን ሰጠኝ፣ እሱ ግን ወደ በሩ አልቀረበም።

ካዲያን አብራኝ ገባች። አቧራው የእጅ መዳፍ ያህል ውፍረት አለው፣ የሰው እግር የረገጠው የለም። የሌሊት ወፍ፣ የዛገ የበርሜል ቀለበት። በጀርባ በኩል የድንጋይ ግድግዳ፣ ላዩ ላይ በሳንቃ የተደፈነ የድሮ በር። ጆሮዬን ለጠፍኩ። ምንም። ቆየሁና አፍንጫዬ ቀደመኝ።

የአሳ መጥበሻ ሽታ። ጦስኝ ያለበት፣ ቃሪያ የበዛበት።

«አጎቴ፣ ምን ሆንክ? ዳፒ ያየህ መሰልክ እኮ።»

ወጥቼ ዞርኩ፣ በጀርባው መንደር። ሰው የኖረበትን ከተማ በፊቱ ነው የሚያውቀው፤ ማን ጀርባውን ዞሮ ያያል? ከመጋዘኑ ግድግዳ ጋር ጀርባ ለጀርባ የተጣበቀው ቤት ሰማያዊ በር አለው። ስንት ጊዜ አንኳኩቼዋለሁ። የሚስ ሜልባ።

አራት እግር ያለው፣ ብረት፣ ከባድ።

አልጋ? እንዳይነካ እያለች ሰው የምታባርርበት አልጋ?


ማክሰኞ፣ ጁን 10

ዛሬ ካዲያንን ብቻዋን ላክኋት። «ጩኸቱን አትርሺ» አልኳት። ለምን እንዲህ እንዳልኩ እንጃ። ከወዲያ በኩል ምን እንደሚመስል ማወቅ አማረኝ… የማወቅ ጉጉትህ አንድ ቀን ያሳስርሃል ትለኝ ነበር እናቴ።

ሰማያዊውን በር ገፍቼ ገባሁ። ግቢው ውስጥ ማንም የለም። ምድጃው ትኩስ ነው። ከላይ የእግር ድምፅ። ልጠራት ስል ክርርርር ጀመረ። ከዚህ ሆኖ ሲሰማ ካፒቴን አይደለም። አንዲት አሮጊት የምታለከልክበት ነው። ጎተት አድርጋ ታርፋለች፣ ደግሞ ጎተት። «ትንሽ ቀረ» አለች ለራሷ። ጥርት ብሎ ተሰማኝ።

በዚያች ቅጽበት ግድግዳው ተናገረ።

ውጣ! ሂድ! ቤትህ አይደለም!

የካዲያን ድምፅ ከፊት፣ ከኋላዋ የሰላሳ እንግዳ። እግራቸው ሲመታ የሚስ ሜልባ ድስቶች ተንቀጫቀጩ። ይህን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ዜማውም የእኔ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ነው እንዴ ያስተማርኩት?

ከላይ ዝም አለ። ከዚያ ክርርርር፣ በፍጥነት፣ ወደ ነበረበት።

ስትወርድ አየችኝ። ላብ በላብ ነበረች። አልደነገጠችም፤ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«አሳ አልቋል» አለችኝ።

«አሳ ፈልጌ አይደለም።»

«እንግዲያ ምን ፈልገህ ነው?»

ምን ልበላት? «እኔ ነኝ» አልኳት። «ጩኸቱ የእኔ ነው።»

«አውቃለሁ እኮ። ደንቆሮ ነኝ? ያንተን ቅጥፈት ከሌላ ሰው ቅጥፈት አልለየውም?» ላቧን በእጇ ጠረገች። «የእንግዶችህ እንደሆነ አውቃለሁ። ካፒቴን ካፒቴን ስትልም ሰምቻለሁ። ግን ሊንቫል… ፖሌት ጁላይ ካለችኝ ወዲህ፣ በየማታው፣ ጀልባዎቹ በሚገቡበት ሰዓት፣ ዛሬ አዞረዋለሁ እላለሁ። እጄ አልጋው ላይ ነው። ልጨርሰው ነው። ያን ጊዜ ‘ውጣ፣ ቤትህ አይደለም’ ይላሉ። ለሲሪል ነው የሚመስለኝ። የገዛ ቤቱን! በገዛ እጁ የሠራውን! እንዲህ ተሰድቦ እንዲሄድ ነው የምፈልገው? መልሼ እጎትተዋለሁ። ‘አይዞህ፣ ቤትህ ነው’ እለዋለሁ።»

እኛ ስለምትጎትት ጮህን። እሷ ስለጮህን መልሳ ጎተተች። ከዚህ ወዲያ በዓለም ላይ ያለ ዳፒ ሁሉ ቢሰበሰብ እንዲህ ያለ ሞኝነት አይሠራም።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? አልጋ ላዞር ነው፣ ጸጥ በሉ ልበል? ከዚያ ገበያው ሁሉ አዞረች፣ አላዞረችም እያለ ሊያወራ?»

ሻይ ሳትሰጠኝ ወጣሁ። አልጠየቅኳትም።


ረቡዕ፣ ጁን 11

ካዲያን ተቆጣች። መጋዘኑን እንተወው ስላት ነው። «ሰው የሚመጣው ለእሱ እኮ ነው፣ አጎቴ! ሌላ ውሸት ፍጠር ያልኩህ ጊዜ እንቢ ብለህ ታውቃለህ? ዛሬ ምን ነካህ?» ከዚያ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ፋኖሱን ስትወለውል ቆየችና «‘ቤትህ አይደለም’ ስል ድምፄ ይሰማ ነበር?» አለችኝ።

«ጥርት ብሎ።»

ሌላ አልጠየቀችኝም። ፋኖሱ ግን እንደዚያ ጠርቶ አያውቅም።


ሐሙስ፣ ጁን 12

እንግዶቹ ሳንነግራቸው ያውቃሉ! አንዱ ረዥም ጎረምሳ ገና አደባባዩ ላይ «የምንጮኸው የት ነው?» አለ። ሌሎቹ እጃቸውን ማጨብጨብ ይለማመዳሉ። በዚያ መንገድ ከወሰድኳቸው አፋቸውን ማን ይዘጋል?

አሰብኩ። አሰብኩና በሌላ መንገድ ይዣቸው ሄድኩ። የባንቶን መጠጥ ቤት ደጅ አቆምኳቸው። በሩ ገርበብ ያለ፣ ውስጡ ጨለም ያለ፣ ዶሚኖ ጠረጴዛ ላይ ሲመታ ጧ! ጧ! ይላል። «ይሰማችኋል?» አልኩ። «አጥንት ነው።»

ውጣ! ሂድ! ቤትህ አይደለም!

ሦስት ሰዎች ብርጭቋቸውን ጥለው ወጡ። አንዱ በጓሮ በር ወጣ፤ ሚስቱ የመጣችበት መስሎት ነው። ባንቶን መጥረጊያ ይዞ ተከተለኝ። «ሊንቫል! አንተ ሽማግሌ! ደንበኞቼን!» እንግዶቹ ዳፒው ይኸው ወጣ ብለው ፎቶ አነሡት።

ገና ቤቴ ሳልገባ የሁለቱ ሰዎች ሚስቶች ሰላምታ ልከውልኛል። በየሳምንቱ ብታደርገው ብለዋል።

መጋዘኑ ጋ ግን ማንም አልጮኸም። እንግዲህ ትጨርሰዋለች።


ቅዳሜ፣ ጁን 14

አልጨረሰችም። እንግዶቹን ከካዲያን ጋር ትቼ ብቻዬን መጋዘኑ ጥግ ቆምኩ። ጎተተች። ቆመች። ለረዥም ጊዜ ምንም የለም… ባሕሩ ብቻ ይሰማል። በይ እንጂ ሜልባ!

ክርርርር። ወደ ኋላ።

የእኛ ጩኸት አልነበረም ማለት ነው? ወይስ ነበር?


እሑድ፣ ጁን 15

ፖሌት ደወለችልኝ። «ማስ ሊንቫል፣ እርስዎን ትሰማለች፤ እባክዎ ይንገሩልኝ። ማታ ዝናብ ሲጥል እንቅልፍ አይወስደኝም። ያ ደረጃ አንድ ቀን ይጥላታል።» እኔን ትሰማለች? እኔን የምትሰማው ልትሰድበኝ እኮ ነው አልኳት። ሳቀች፤ ሳቋ ግን ያዘነ ነው።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሚስ ሜልባን ጠበቅኳት። ባርኔጣዋ እንደ መርከብ ነው፣ ሰው ገፍቶ ያልፋል።

«ዝም ብለንልሽ ነበር» አልኳት።

«ሰማሁ። ዝም ስትሉ ባሰብኝ።»

«እንዴት?»

«ስትጮኹ ቢያንስ የምቆጣው ሰው ነበረኝ። ዝም ሲል… እኔና አልጋው ብቻ ሆንን። ሰው ብቻውን ሰውን አይሸኝም፣ ሊንቫል። ለብቻ አይሆንም።»

«ታዲያ ሰው ይጠራ። ዘጠነኛ ሌሊት ይደረግ።»

ዞር ብላ አየችኝ። ቁጣ መስሎኝ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። ቁጣ አልነበረም።

«ከየትኛው ቀን ልቁጠር?» አለችኝ። «ንገረኛ። የወጣ ቀን ነው የሞተው? ጀልባዋ የተገኘች ቀን? እዚያ መካከል ስንት ቀን በውሃው ላይ ቆይቶ ይሆናል፣ እየጠበቀን? ቀኑን ሳላውቅ ዘጠኝን ከየት ልጀምር?»

ለካ ሰባት ወር ሙሉ እንቢ ስትል የነበረችው ለዚህ ኖሯል? ግትርነት ነው ብለን ነበር ሁላችንም። አንድ ሰው እንኳ ለምን ብሎ አልጠየቃት። እኔም ጭምር፣ ጠያቂ ነኝ ባይ።

እስከ በሯ ሸኘኋት። በመጨረሻ «አንቺ የፈቀድሽበት ቀን አንድ ይሁን» አልኳት። «እሱ ቀን ቆጥሮ አያውቅም። ዓርብን ሐሙስ ነው ብሎ ስንት ጊዜ ተከራክሮኛል።»

በሩን ዘጋችብኝ። ሳቅ የሰማሁ መሰለኝ። ሳል ሊሆንም ይችላል።


ማክሰኞ፣ ጁን 17

ገበያ። መጥበሻው ፊት ሰልፍ አለ። ከሰልፉ መጨረሻ ቆሜ አየችኝና በሰው ሁሉ ላይ አሻግራ፦

«ሊንቫል! ዛሬ አንድ ነው!»

ሰው ምን እንደሆነ አላወቀም። ማንጎ ሻጯ «የምን አንድ?» አለች። ሚስ ሜልባ አሳውን ገለበጠች። «የሲሪል» አለች። «በሚመጣው ሳምንት ረቡዕ ሁላችሁም ግቢዬ ትመጣላችሁ። ባዶ እጁን የሚመጣ ይመለሳል።»

ቆሜ ቀረሁ። ማንጎ ሻጯ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥላ ስንት ማንጎ እንደምታመጣ መናገር ጀመረች።

«አንተ ደግሞ» አለችኝ ሚስ ሜልባ ተራዬ ሲደርስ «አንድ ታሪክ ታወራለህ። ስለ ሲሪል። አንድም ውሸት ሳትጨምርበት።»

«አንድም?»

«አንድም።»

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ከባድ ሥራ ተሰጥቶኝ አያውቅም።


እሑድ፣ ጁን 22

ታሪክ አላገኘሁም። ሲሪልን ከልጅነታችን አውቀዋለሁ፣ የማስታውሰው ሁሉ ግን ግማሹ የጨመርኩት ነው። የቱ የእሱ፣ የቱ የእኔ እንደሆነ ጠፋኝ። ካዲያን፦ «ሚስ ሜልባ ያየችውን አውራ፣ ያኔ መዋሸት አትችልም።» ብልህ ልጅ። እናቷን አልመሰለችም፣ እኔን ነው የመሰለችው።


ሐሙስ፣ ጁን 26

ጠዋት ነው የምጽፈው። እግሬ ከጭፈራው አብጧል።

ትናንት ፖሌት ቀድማ መጣች። ግቢው ሞላ። የፍየል ሾርባ፣ የተጠበሰ አሳ፣ የካሳቫ ቂጣ፣ ነጭ ሩም። ባንቶን ጠረጴዛና ዶሚኖ ይዞ መጣ። እኔን ሲያይ መጥረጊያውን እንዳላመጣ ማለ። መጀመሪያ ሩሙ መሬት ላይ ፈሰሰ፣ ለሲሪል። ቀጥሎ መዝሙር። ቀጥሎ ከበሮ። ገና ሳይጨልም ሚስ ሜልባ በጣቷ ጠራችኝ።

ተነሣሁ። ባርኔጣዬን አውልቄ መልሼ አጠለቅሁ፤ በየሳምንቱ በእንግዳ ፊት የምለፈልፈው ሰውዬ!

«ሲሪል ማዕበል አይፈራም ነበር» አልኩ። «እንሽላሊት ግን ይፈራ ነበር። አንድ ማታ ከጣሪያው አንዷ አልጋው ላይ ወደቀች። ሲሪል በውስጥ ሱሪው ወደብ ድረስ ሮጠ። ጀልባው ውስጥ አደረ። ጠዋት ሜልባ ቁርስ ይዛ ሄዳ ‘ወጥታለች፣ ተመለስ’ ብትለው ‘በየትኛው በር ወጣች?’ አላት። ‘በመስኮት።’ ‘እንግዲያ በመስኮት ልትመለስ ትችላለች’ ብሎ ሌላ ሌሊት እዚያው አደረ።»

ሚስ ሜልባ ሳቀች። ወንበሩ እስኪወዛወዝ፣ ዓይኗን በመቀነቷ እየጠረገች። ሰፈሩ አብሯት ሳቀ። ሁለተኛውን ሌሊት እኔ ነኝ የጨመርኩት። አውቃብኛለች፤ ዓይኗ ነገረኝ። ዝም አለችኝ።

ሳቋ ሲያበቃ ተነሣች። ወንዶቹ ለማገዝ ተነሡ።

«ተቀመጡ» አለች።

ደረጃውን ወጣች። እኔ ብቻ ከሥር ቆምኩ፣ የበሰበሰው እንጨት ቢሰበር ልይዛት። ማን ማንን ሊይዝ? ከበሮው ቆመ። ዶሚኖው ቆመ። ሁሉም ወደ ላይ አየ።

ክርርርር። አረፈች። ክርርርር። ፖሌት አጠገቤ መጥታ እጄን ጨበጠችኝ። ጥፍሯ እንደ እናቷ ነው። አረፈች… ይኸኔ ነው ሁልጊዜ የምትመልሰው። ደግሞ ክርርርር፣ ወደ ፊት! እግሩ ግድግዳውን ነካ፣ ዱብ አለ።

ከላይ ድምፅዋ መጣ። አልጮኸችም። ባልን ለሥራ የሚሸኙ ሴቶች እንደሚናገሩት ነው የተናገረችው፦ «ሂድ እንግዲህ ሲሪል። ሳይመሽብህ።»

ከዚያ የመስኮቱን መዝጊያ ስትዘጋ ተሰማን።

ባንቶን አንድ ዶሚኖ አንሥቶ ጠረጴዛው ላይ መታ፤ ጧ! ከበሮው ጀመረ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እግሬ ያውቃል።


ቅዳሜ፣ ጁን 28

ማታ ካዲያን ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ መጋዘኑ ፊት ቆም ብላ። «አጎቴ፣ ዳፒው በእውነት ሄዷል ትላለህ?» እኔ ምን አውቃለሁ? ስለ ዳፒ ለእንግዶች ስቀጥፍ ነው የኖርኩት፣ ለራሴ ግን አንድ መልስ አላስቀመጥኩም። ቆመን ጆሯችንን ለጠፍን። ከግድግዳው ወዲያ አንድ ሰው ሲያንኮራፋ ተሰማን።

እየሳቅን ሮጥን፤ እኔ በዚህ እግሬ።


እሑድ፣ ጁን 29

ሰማያዊው በር ክፍት ነበር። ሚስ ሜልባ ቡና እየጠጣች፣ ፀጉሯ ሳይበጠር። እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም።

«ና ቁጭ በል» አለች። ስድብ አላስቀደመችም። ደነገጥኩ።

«ታመምሽ?»

«አልታመምኩም። ስማኝ። እኔ አርባ ዓመት ፊቴን ወደ ግድግዳው አድርጌ ነው የተኛሁት። እሱ በበሩ በኩል ነበር የሚተኛው፣ ሳይነጋ ሲወጣ እንዳይቀሰቅሰኝ። አልጋው ከዞረ ወዲህ በየጠዋቱ ዓይኔን ስገልጥ ባሕሩ ፊቴ ላይ ነው። ሙሉው ባሕር፣ ከነብርሃኑ! የት ነኝ እላለሁ። የማን ቤት ነው ይሄ? እግሬን በበሩ በኩል አወርዳለሁ ብዬ ዛሬ ከግድግዳ ጋር ተላተምኩ።» ግንባሯን አሳየችኝ፤ አብጧል። «አየህ ሊንቫል? እንዲጠፋው ብለን ያዞርነው እሱን ነበር። ቤቱ የጠፋው ለእኔ ነው።»

ትሳቅ ታልቅስ ጠበቅኩ። ሳቀች። እኔም። ከዚያ ሲኒውን አስቀመጠች።

«ያላወቅሁት ቤት ውስጥ መንቃት እችላለሁ ማለት ነው» አለች። «ማንደቪልም ያው ነው። ለፖሌት ነገ ሰኞ ትምጣ በላት። አንተ ደውል። እኔ ከነገርኳት ታለቅሳለች።»

ደወልኩ። ፖሌት ጮኸች፣ ዝም አለች፣ ደግሞ «በእውነት?» አለች። በእውነት አልኳት። ይህቺን ቃል ስናገር ማንም እንዲህ ቶሎ አምኖኝ አያውቅም።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ያሰብኩት። ከሰኞ በኋላ ማን ይሰድበኛል?